ወንድም የእህቱን ፋይል ሲያነብ፦ ለደብረ ብርሃን የጥብቅና ቢሮ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ጠበቆች የሚሠሩበት ቢሮ ከዓመት በፊት ፖርታል ገዛ። ደንበኞች የጉዳያቸውን ሰነድ በስልካቸው እንዲያዩ ነው። ጸሐፊዋ ለሁሉም አካውንት ከፈተች። መግቢያው ስልክ ቁጥር፣ ፓስወርዱ የስልኩ የመጨረሻ አራት አኃዝ። ጸሐፊዋ አሁን ሥራ ለቃለች። በዚህ መሐል አንዲት የመንዝ ደንበኛቸው ከወንድሟ ጋር በውርስ እየተካሰሰች ሳለ፣ ወንድምየው ገና ፍርድ ቤት ያልገባውን የመልስ ረቂቅ አንብቦ ተገኘ። “ሀክ ተደርገናል? ጸሐፊዋ ሰጥታው ይሆን? ፖርታሉን ዘግተን ወደ ወረቀት እንመለስ ወይስ የተሻለ ሶፍትዌር እንግዛ?” ይላሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገዋል። ደንበኛዋን መጀመሪያ ቢሮ ይዟት የመጣው ወንድሟ ነበር፤ ስማርት ስልክ ስላልነበራት አካውንቱ የተከፈተው በእሱ ቁጥር ነው።

ሀክ አልተደረጋችሁም። አካውንቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የወንድምየው ነበር። ስሙ ብቻ ነው የእሷ። ያኔ ተስማምተው ስለነበር ችግሩ አልታየም፤ ሲጣሉ ግን ቢሮው ቁልፉን ከማን እጅ እንዳስቀመጠ አላስታወሰም። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። ጸሐፊዋንም ከመጠርጠራችሁ በፊት የፖርታሉን የመግቢያ ታሪክ አውጡ። የትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ዓይነት ስልክ እንደገባ አብዛኛው ፖርታል ይመዘግባል። በደንበኛዋ አካውንት ገብቶ ከሆነ ጸሐፊዋ የለችበትም። በቢሮው አካውንት ገብቶ ከሆነ ግን ታሪኩ ብዙም አይረዳችሁም፤ ምክንያቱም፣ ከጥያቄያችሁ እንደምገምተው፣ ሦስታችሁም ጸሐፊዋም ትገቡ የነበረው በአንድ ፓስወርድ ነው። ለአራት ሰው አንድ ፓስወርድ ማለት ጥፋተኛውም ንጹሑም አንድ ስም ይዘው መሄዳቸው ነው።

ዛሬውኑ የሚሠራው የሚከተለው ነው። የደንበኛዋን አካውንት አግዱ። አትሰርዙት፤ ብትሰርዙት የመግቢያ ታሪኩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ታሪኩን አትሙና ቀን ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ደንበኛዋን በአካል አግኝታችሁ የሆነውን ንገሯት። ይህ የሚያሳፍር ወሬ ነው፤ ግን ረቂቁ ከተነበበ ሌላኛው ወገን መከራከሪያችሁን ያውቃል። ስለዚህ መልሱን ስታዘጋጁ ይህን ታሳቢ ማድረግ አለባችሁ፣ እሷም ማወቅ አለባት። የተነበበን ነገር እንዳልተነበበ የሚያደርግ ቴክኒክ የለም።

ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የመረጃ ሥርዓት ሰው ነኝ። ግን ብዙ ቢሮ የሚስተው ስለሆነ ላንሳው። የጠበቃ የሙያ ምስጢር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የተጠበቀ ነው። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ገና ብዙ ቢሮ ደጃፍ አልደረሰም። አዋጁ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለመረጃው ደህንነት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። መረጃ አለአግባብ ሲወጣም ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ማሳወቅን ይጠይቃል። የጊዜ ገደቡን ከአዋጁ ላይ አይታችሁ ወስኑ። “ትንሽ ቢሮ ነን” የሚለው ነገር አያዋጣም። የወንድምየው አገባብ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገወጥ ደራሽነት (ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት) ይሆናል ወይ የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። በገዛ ስልኩ፣ እናንተው በሰጣችሁት ፓስወርድ መግባቱን ግን እንዳትረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፖርታሉ ላይ ረቂቅ ምን ይሠራል? ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ እናንተ ግን ጥያቄ ውስጥ እንኳ አላስገባችሁትም። የአንድ ጉዳይ ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንደኛው ደንበኛው ሊይዘው የሚገባ ነው። የቀረበ ክስ፣ የቀረበ መልስ፣ ትእዛዝ፣ ውሳኔ፣ የቀጠሮ ቀን፣ የክፍያ ደረሰኝ። ሁለተኛው የቢሮው ሥራ ነው። ረቂቅ፣ የምስክር ዝግጅት ማስታወሻ፣ የመከራከሪያ ሐሳብ፣ “ይህ ምስክር ይንተባተባል” የሚል የእጅ ጽሑፍ። ሁለቱ በአንድ ፎልደር መቀመጥ የለባቸውም። ፖርታሉ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ይሁን። ረቂቅ ለደንበኛ ማሳየት ካስፈለገ ቢሮ ተጠርቶ ያንብብ። ደንበኛው እምነት የማይጣልበት ስለሆነ አይደለም። ስልኩ ልጁ እጅ ይገባል፣ ኮፒ ቤት ይከፈታል፣ ስክሪንሾት ይነሳል። ይህን ሁሉ የሚከለክል ፖርታል የለም፤ እንከለክላለን የሚል ሻጭ ካገኛችሁም ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ።

ኮፒ ቤትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብዙ ባለጉዳይ ሰነዱን የሚያትመው ፍርድ ቤት አካባቢ ካለ ኮፒ ቤት ነው። ፖርታሉን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል፣ ፋይሉን ያወርዳል፣ ያትማል፣ ይሄዳል። ፋይሉ ዳውንሎድ ውስጥ ይቀራል፤ አካውንቱም እንደተከፈተ ይቆያል። ከእሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ተከራካሪው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የመጡት ለአንድ ቀጠሮ ነውና። ስለዚህ ፖርታሉ ያለ ሥራ ከቆየ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲዘጋ አድርጉት። ይህ ቅንብር ብዙ ጊዜ አለ፣ ማንም አይነካውም እንጂ። ማተም የሚፈልግ ደንበኛ ደግሞ ከናንተ ቢሮ ይታተምለት። የጥቂት ገጽ ወረቀት ዋጋ ነው።

አካውንት የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ለቤተሰብ አይሰጥም። አንድ ስልክ ቁጥር ለአንድ ደንበኛ ብቻ ይሁን። የራሱ ስልክ የሌለው ሰው አካውንት አይከፈትለት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይከራከሩኛል፤ የገጠሩን ሰው ማግለል ነው ይላሉ። አይደለም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር ወረዳ ቀበሌዎች የሚመጣ፣ ማንበብ የሚቸግረው አዛውንት ፖርታል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቀጠሮው በትልቁ የተጻፈበት ወረቀትና ስልክ ሲደውል የሚያነሳ ሰው ነው። በልጁ ስልክ አካውንት ከፍቶ “ተጠቃሚ ሆኗል” ማለት ለሪፖርት ያምር ይሆናል።

ውክልና ሲመጣ ነገሩ ይጠጥራል። ውክልና የያዘ ወንድም፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ “ፋይሉን ልይ” ሲል ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል። ቃሉን አንብቡ። ንብረት ለመሸጥ የተሰጠ ውክልና የክርክር ፋይል ለማንበብ የተሰጠ ነው ወይ? ከሆነም ተወካዩ በደንበኛው አካውንት አይግባ። የራሱ አካውንት ይከፈትለት፣ ውክልናው የሚፈቅደውን ፋይል ብቻ ያይ፣ ማብቂያ ቀንም ይኑረው። ውክልናው ሲሻር ወይም ወካዩ ሲሞት የምትዘጉት አካውንት ለብቻው ካልሆነ የምትዘጉት ነገር አይኖራችሁም። እንዲህ ባለ የውርስ ጉዳይ ወራሾች ሁሉ በአንድ ፋይል ገብተው ከርመው፣ በኋላ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። የውርስ ደንበኞችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለየብቻ መዝግቧቸው፤ ምንም ያህል ቢዋደዱ።

በስልክ የሚጠይቅም አለ። “የአቶ እገሌ ልጅ ነኝ፣ ቀጠሮው መቼ ነው?” ጸሐፊ ደግሞ ትሁት ናት፣ ትናገራለች። ደንቡ ቀላል ነው። ቢሮው ስልኩን ዘግቶ ፋይሉ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ራሱ ይደውል። ትሕትናው እንዳለ ይቆያል።

ፓስወርድን በተመለከተ የስልክ አራት አኃዝ ፓስወርድ አይባልም። ረጅም ሐረግ ይሻላል፤ ሰው የማይገምተው፣ ደንበኛው የማይረሳው፣ አራት ወይም አምስት የማይገናኙ ቃላት። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለውን የድሮ ልማድ ተዉት። ሰው ሲሰለቸው መጨረሻው ላይ 1፣ 2፣ 3 እየጨመረ ይቀጥላል። የሚቀየረው ሰው ሲለቅ ወይም ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ከፓስወርድ በላይ የሚጠብቃችሁ ግን ሁለተኛው ማረጋገጫ ነው። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ደካማ ጎኑ ግን ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ኮዱን መቀበሉ ነው። ኮድ ቢኖራችሁ ኖሮ ለወንድምየው ይመጣ የነበረውም እንዲህ ነው። ረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ቁጥርም ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤስኤምኤስ ላይደርሰው ይችላል።

ለእናንተ ለቢሮው ሰዎች የምመክረው ኦተንቲኬተር የሚባለውን መተግበሪያ ነው። በየ30 ሰከንዱ ባለስድስት አኃዝ ኮድ ይሰጣል። ኔትወርክ አይፈልግም፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ወጥመድ አለው። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። ስልካቸው የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ሰዓቱን በእጃቸው በስድስት ሰዓት የሚያዛውሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ኮዱ ሁልጊዜ “የተሳሳተ ነው” ይባላል፤ ከዚያ መተግበሪያው አይሠራም ተብሎ ይጠፋል። ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል አድርጉት፣ ይሠራል። መተግበሪያው ሲገጠም የሚሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ስልክ የጠፋ ቀን ያለ እነሱ ከገዛ ፋይላችሁ ውጭ ትቀራላችሁ።

ጸሐፊዋ ከለቀቀች በኋላ ምን ምን ዘጋችሁ? ፖርታሉን ብቻ ከሆነ ግማሹ ይቀራል። የቢሮው ኢሜይል ማስመለሻ ስልክ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የጸሐፊ ነው፤ ኢሜይሉን የከፈተችው እሷ ነችና። የቢሮው ቴሌግራም በእሷ ስልክ ወይም ቤቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ አሁንም ተከፍቶ ይሆናል። በቅንብሩ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ዝርዝር አይታችሁ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ የቴሌግራም ተራ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው “ሚስጥራዊ ውይይት” የሚባለው ብቻ ነው። ሰነድ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክላችሁ ከነበረም ፎቶው ጋለሪዋ ውስጥ፣ ከዚያም ኢንተርኔት ላይ ባለው የግል ማከማቻዋ በራሱ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሌባ ናት አላልኩም። በሰላም ጠርታችሁ አብራችሁ አጥፉት፣ ማጥፋቷንም በፊርማ ተቀበሉ። ወደፊት ሰነድ የሚነሳው በቢሮው ስካነር ይሁን።

ወደ መዝገቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እወስዳለሁ። መዝገቡ የተዘበራረቀ ቢሮ ምንም ፖርታል ቢገዛ የሚያገኘው በፍጥነት የሚዘበራረቅ ነገር ነው። የእኛ ስም ለኮምፒውተር አስቸጋሪ ነው። የውጭ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ጋ የለም። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም እዚያ ያስገባል፣ ሌላው የአያትን። ከዚያ ፊደሉ አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት አራት ሰው። ወልደ ገብርኤል ሌላ ቦታ ወ/ገብርኤል ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል።

ይህ የውበት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ባለጉዳይ ሲመጣ ተቃራኒው ወገን የእናንተ ደንበኛ መሆን አለመሆኑን የምታጣሩት በስም ፍለጋ ነው። “ሀይሉ” ብላችሁ ፈልጋችሁ “ኃይሉ” ካልወጣ፣ የራሳችሁን ደንበኛ የሚከስ ሰው ተቀብላችሁ ታስፈርማላችሁ። የጥቅም ግጭቱ የሚታወቀው ፍርድ ቤት ውስጥ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንደኛው ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይይዛል። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ አሕጽሮቱ ሁሉ ተፈትቶ። ተቃራኒ ወገኖችም በዚሁ ዝርዝር ይመዝገቡ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ስጡ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ቁጥር፤ ለምሳሌ 2018/0047። አንድ ደንበኛ ሦስት ጉዳይ ሊኖረው ይችላልና ሁለቱን አታደባልቁ። ፖርታሉ ላይ የማየት ፈቃድ የሚሰጠው በጉዳይ ቁጥር ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ፋይል ላይ 05/03/2017 ተብሎ ሲጻፍ የእኛ ነው የፈረንጅ? ኅዳር 5 ነው ወይስ መጋቢት? ወር በስሙ ይጻፍ። ፖርታሉ በፈረንጅ ቀን የሚያስብ ከሆነ ቀጠሮውን ስትመልሱ በቃል አትቁጠሩ። መስከረም 1 ሁሌ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ይውላል ብሎ የያዘ ሰው ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት በአንድ ቀን ይስታል። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ከመስከረም 2020 እስከ የካቲት ያለው ቀጠሮ ሁሉ በቃል ከተቆጠረ አንድ ቀን ይዛነፋል። በአንድ ቀን ምክንያት መዝገብ እንደሚዘጋ ለጠበቃ አልነግርም።

ወረቀቱን መጣል አትችሉም። ኦሪጅናል ካርታ፣ የይዞታ ደብተር፣ ኑዛዜ፣ ውል፣ ስካን ስለተደረገ አይተካም፤ ፍርድ ቤቱ ዋናውን አምጡ ሊል ይችላል። ዋና ሰነድ ሲገባና ሲወጣ የሚፈረምበት ባሕር መዝገብ ይኑራችሁ። በተቻለ መጠን ግን ኮፒ ወስዳችሁ ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ። ቢሮ ውስጥ የሚቆይ ኦሪጅናል ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው።

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አይባልም፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። ቀድታችሁ ንቀሉት። ዲስኩም ላፕቶፑም ይመስጠሩ፤ መክፈቻ ቁልፉ ታትሞ ካዝና ይግባ። በየጊዜው ደግሞ ከባክአፑ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ፤ ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግዙ። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደገጠመው አይታችኋል። ስለዚህ የወሩ ቀጠሮ ዝርዝር በየሳምንቱ ሰኞ ይታተም፣ ንቁ ጉዳዮች ያሉበት ቅጂም ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይኑር።

የተዘጋ ፋይል ስንት ዓመት ይቆይ? ለቁጥሩ ከይርጋ፣ ማለትም ከክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ተነሡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት በአንቀጽ 2143 2 ዓመት። በውርስ ጉዳይ ደግሞ አንቀጽ 1000 የ3 እና የ15 ዓመት ገደብ አለው። ለተራ ጉዳይ 10 ዓመት፣ ለውርስና ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 ዓመት አድርጉና ጨርሱ። የደንበኛው ፖርታል አካውንት ግን ጉዳዩ ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ይዘጋ። ፋይል ማቆየትና በር ክፍት ማድረግ የተለያዩ ናቸው።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ፖርታሉን ለዘለቄታው አትዝጉ፣ ሌላም አትግዙ። ለጊዜው ለደንበኞች ሁሉ አግዱት። ረቂቆችን አውጡ፣ ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አካውንት ክፈቱ፣ መዝገቡን ከላይ እንዳልኩት አጽዱ። ከዚያ ደንበኞችን አንድ በአንድ፣ በአካል፣ መታወቂያ አይታችሁ፣ ስልኩን እጃቸው ላይ እያስደወላችሁ ክፈቱላቸው። ሁሉንም አትክፈቱ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያሉት፣ ድርጅቶች፣ በየሳምንቱ ሰነድ የሚፈልጉት ይበቃሉ። ወደ ወረቀት ብቻ ብትመለሱ ማንኛዋም ጸሐፊ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ለወንድምየው ልታሳየው ትችላለች፤ ያኔ ደግሞ የመግቢያ ታሪክ እንኳ የለም።

ፖርታሉን የሸጠላችሁን ድርጅት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት። ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሎቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር፣ የት አገር ነው? መረጃ ከአገር ሲወጣ አዋጁ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለውና መልሱን ፋይል አድርጉ። ሁለተኛ፣ ነገ ውሉን ብናቋርጥ ፋይሎቻችንን ከነስማቸውና ከነቁጥራቸው በተለመደ ፎርማት ታስረክቡናላችሁ ወይ? ለሁለተኛው ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰነድ መጀመሪያ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ በራሳችሁ የጉዳይ ቁጥር አስቀምጡ፤ ፖርታሉ ላይ የሚወጣው ቅጂው ብቻ ይሁን።